መድኃኒቱ ቤት የገባበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬም የጠዋቱን አልዋጥኩም። ከሰርጉ ወዲህ ስንቱን እንደዘለልኩ መቁጠር ትቻለሁ።

መድኃኒቴ ያለው ዱባይ ተራ ገበያ፣ ጋሽዬ ጫማ ሱቅ፣ ከላይ መደርደሪያው ላይ አንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ጋሽዬ የምለው ታላቅ ወንድሜን ዳዊትን ነው፤ እናትና አባታችን ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። ትርሲትን ሊያገባ ሲል፣ «ለጥቂት ጊዜ እዚህ ይቀመጥ፤ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» አለኝ። እሺ አልኩ። አማኑኤል ሰፈር ያለችው ቤታችን በመጋረጃ የተከፈለች አንድ ክፍል ናት። ምን ይደበቅባታል?

የማታውን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ጎራ ብዬ እውጣለሁ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ ግን ሱቁ ገና አይከፈትም። አንድ ሰሞን በኪሴ ይዤ ነበር፤ ስፖርት ሰዓት ላይ ወደቀብኝ። «ምንድን ነው?» አሉኝ። «የራስ ምታት» አልኩ። ከዚያ ወዲህ አልያዝኩም።

ትርሲት ዛሬ ሹሩባ ሠራችኝ። እጇ አያምም። ብታውቅ ትነካኝ ነበር?

ማክሰኞ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር አበባ የደም ውጤቴን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከታተሉኝ ነርስ ናቸው፤ ደግመው ካነበቡ ነገር አለ።

«ሲዲ ፎርሽ፣ በሽታ የመከላከል አቅምሽ፣ ወርዷል፣ ሜሮን። በትክክል እየዋጥሽ ነው?»

«አዎ።»

«ጠዋትም?»

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እየዘለልኩ ከወሰድኩ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከለመደው ደግሞ መድኃኒቱ አይሠራልኝም፤ የሚቀየርልኝም እንደልብ አይገኝም። «ለወንድምሽ ሚስት መንገር ያንቺ ፈንታ ነው» አሉ። «መድኃኒቱ ግን አንቺ የምትተኚበት ቤት መሆን አለበት።»

ረቡዕ

ገበያተኛው እስኪቀንስ ጠብቄ ለጋሽዬ ነገርኩት። የያዘውን ጫማ አስቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ትንሽ ታገሺኝ።»

«እኔ እታገሥሃለሁ። ደሜ ነው የማይታገሠው።»

«ትታኝ ብትሄድስ?»

ታምሜ መራመድ ሲያቅተኝ በጀርባው አዝሎኝ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ነው። የድሮ ሰፈራችን ሲያንሾካሹክብን አንድ ቀን እንኳ አላፈረብኝም። አሁን ሚስቱን ፈራ። አልፈርድበትም። ግን ካርቶኑን አወረድኩና መድኃኒቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አልከለከለኝም። «እኔ ልንገራት» ግን አላለም።

ሐሙስ

ጠዋት መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ልውጥ ስል ትርሲት ውሃ ይዛ ገባች።

«አመመሽ እንዴ?»

የራስ ምታት ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «የኤችአይቪ መድኃኒት ነው» አልኳት። «ከተወለድኩ ጀምሮ ነው ያለብኝ። ከእማዬ ነው።»

መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ዳዊት ያውቃል?» ብላ ነው።

«እሱ ነው ያሳከመኝ። እሱ ግን የለበትም። ከሰርጉ በፊት አብራችሁ ተመርምራችሁ የለ?»

«ስለሱ ጤና አልጠየቅኩሽም» አለች። ውሃውን አስቀምጣ ወጣች።

መድኃኒቱን ዋጥኩና ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ ልብሷን ይዛ ጭድ ተራ እናቷ ቤት ሄዳለች።

ዓርብ

ጋሽዬ ራት አልበላም። «አሁን ደስ አለሽ?» አለኝ። ወዲያው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። መጋረጃው ጀርባ ገብቼ ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ።

ጠዋት ዋጥኩ። ማታም ዋጥኩ። ሌላ የምጽፈው ጥሩ ነገር የለኝም።

ቅዳሜ

ጋሽዬ ሊለምናት ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። እናቷ በር ላይ አቁመው ነው ያናገሩኝ አለኝ። ወደ ሱቁ ሄደ፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ አይቀርም።

እሱ እንደወጣ ትርሲት መጣች። የመጣችው ለእኔ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የተናደድኩት በሱ ነው። ዋሸኝ። አንቺ ምንም አላደረግሽም። ግን ላታልልሽ አልፈልግም። ፈርቻለሁ። አብሮ መብላቱን፣ አልጋውን፣ ሁሉን ነገር።»

አብሮ በመብላትም፣ አልጋ በመጋራትም አይተላለፍም አልኳት።

«እሱን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ልቤ ነው እንቢ ያለኝ። የምትከታተልሽ ነርስ ጋ ውሰጂኝ።»

ከሰማሁት ሁሉ ይሄ ነው ያስደሰተኝ። ምንም አልመሰለኝም ብትለኝ አላምናትም ነበር።

እሑድ

ጋሽዬ እሷ መምጣቷን አያውቅም። «አትንገሪው፣ ትንሽ ይጨነቅ» ብላኛለች። ልብሱን ሲያጥብ አየሁትና አሳዘነኝ። ግን አልነገርኩትም።

ሰኞ

ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ከትርሲት ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። ጥያቄዋ አያልቅም። ደም ቢነካኝስ? ምን ትብላ? መዋጥ ብትረሳ ምን ላድርግ? ሲስተር አበባ አንድ በአንድ መለሱላት። መጨረሻ ላይ፣ «ወደፊት ልጅ መውለድ ትችላለች?» አለች።

ደነገጥኩ። ስንት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ እሱን ጠይቄ አላውቅም። መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

«ትችላለች እንጂ» አሉ ሲስተር። «መድኃኒቷን በሥርዓቱ ከወሰደችና እኛ ከተከታተልናት፣ ልጇ ነፃ ሆኖ ሊወለድ ይችላል።»

ወደ ውጭ ስንወጣ እግሬ መሬት አልነካም። ሲዲ ፎሬ ይመለስ አይመለስ ገና አልታወቀም፤ ለምርመራ ደም እንደገና የምሰጠው ከወራት በኋላ ነው። ትርሲትም ዛሬ የሄደችው ወደ እናቷ ቤት ነው። «ከዳዊት ጋር የምጨርሰው ነገር አለኝ» አለችኝ። ስንለያይ ግን የመንገዱ ግፊያ መሐል ቆማ ጮክ ብላ፣ «የማታውን እንዳትረሺ!» አለች።

ሰው ሁሉ ሰማ። ማንም ዞር ብሎ አላየንም።