ጨው ብዪ በላት

ይድረስ ለወንድሜ ለኡበይድ፣ ካለህበት ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ በፊት የአንተ ጤና እንዴት ነው? ወገብህስ? ከሥራ መልስ ባትህን ጭምድድ አድርጎ የሚይዝህ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ያስጮህሃል? አብረውህ የሚያድሩት የወረባቦ ልጆችስ ሁሉም ደኅና ናቸው? ከቤተሰባቸው ወሬ ያጡ ካሉ አብሽሩ በላቸው፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ እየተመለሰ ነው። እኛ አልሃምዱሊላህ በሕይወት አለን። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት አውቄ ነው። በዚህ ዘመን ከቤት ደብዳቤ የመጣለት ሰው ምን እንደሚያስብ አላጣሁትም። ማንም አልሞተብንም። እማም አለች። ስለ እሷ ግን የምነግርህ ነገር ስላለ ረጋ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ስልክ ከተቋረጠ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲሉን ከረሙ። ኑርዬን ታስታውሰዋለህ፣ የሚኒባሱን ሹፌር፣ ነገ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ በኢሞ ይልክልሃል። በልጅነታችን ጽሑፌን የዶሮ ጭረት ብለህ የሳቅህብኝን ስላልረሳሁ ዛሬ አጥርቼ ነው የጻፍኩት፤ አላነበብኩትም የሚል ሰበብ አልቀበልህም።

በጥቅምት መጨረሻ ውጊያው ወደ ሐይቅ ሲቀርብ በሩን ዘግተን፣ የቻልነውን ተሸክመን፣ አምባሰል አጎታችን አብዱልሃሚድ ዘንድ ወጣን። መኪና አልነበረም። ባሌ ጁማ ልጃችንን ኢቲሳምን አዝሎ፣ እኔ እማን ደግፌ፣ ከዋናው መንገድ ርቀን አንድ ቀን ተኩል ተጓዝን። እማ እንኳን ልትደክም ጭራሽ እኛን ታበረታን ነበር። የያዘችው አንዲት ትንሽ ዘንቢል ብቻ ነበረች። በውስጧ መስገጃዋ፣ የደም ግፊት ኪኒኗ፣ ስልኳና ሁለት ሃይላንድ ውሃ ነበሩ። ስለ ውሃው ነው የምጽፍልህ።

በመስከረም የላክህላትን ድምፅ ታስታውሳለህ? እሷ አንዲት ቃል ሳትቀር ታስታውሰዋለች። «እሜቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጨው የሚባል በአፍሽ እንዳይዞር። ውሃ በደንብ ጠጪ፣ በቀን አራት ትልልቅ ሃይላንድ ጨርሺ፣ ኪኒንሽን አታቋርጪ» ብለሃታል። ከየት እንዳመጣኸው አላውቅም። ምናልባት በስልክ ከሚዞረው ቪዲዮ አይተህ ይሆናል፣ ምናልባትም አለቃችሁ ፀሐይ ላይ ለምትሠሩት ለእናንተ የሚላችሁ ይሆናል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሙ የነገራት ጨው ቀንሺ ብሎ ነበር። ያንተ ቃል ቀንሺን ተዪ አደረገው። እሷም ከዚያን ቀን ጀምሮ ወጧ ለብቻ ይሠራ ጀመር። እኔ ሐይቅ ገበያ ዓሣ የምሸጥ፣ መብራት ሲጠፋ ዓሣ በጨው የማደርቅ ሴት፣ ለእናቴ ድስት ጨው መንፈግ እንደ ትልቅ ጽድቅ ቆጠርኩት። ሃይላንዷንም ጠዋት ጠዋት የምሞላላት እኔ ነበርኩ። ሳትጨርስ ስትቀር ተቆጥቻት አውቃለሁ።

አጎታችን ቤት በገባን በሁለተኛው ሳምንት ምግብ አስጠላት። ራሴን አመመኝ አለች። ቀጥሎ እግሯ ይወላገድ ጀመር። የስደት ድካም ነው አልን። ከዚያ ኢቲሳምን በራሷ በሟች እህቷ፣ በአክስታችን ስም ትጠራት ጀመር። አንድ ቀን ዙሁር ሰግዳ ጨረሰች፣ እንደገና ተነሥታ ሰገደች፣ ሦስተኛ ልትቆም ስትል እጇን ይዤ እማ ሰግደሻል እኮ ብላት አንቺ ማነሽ አለችኝ። ኡበይድ፣ እናትህ አንቺ ማነሽ ስትልህ የሚሰማህን አላህ አያሳይህ። በማግስቱ ለውዱእ እንደተቀመጠች ወደ ኋላ ወደቀችና መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ገሚሱ የመድፉ ድንጋጤ ነው አለ፣ ገሚሱ ጂን ነው አለ። አጎታችን ራስጌዋ ተቀምጠው ቁርኣን ቀሩባት። አንዲት ሴትዮ ውሃ ጠማት መሰለኝ ውሃ ስጧት ስትል እኔ ሃይላንዱን ይዤ ቀረብኩ። ያን ጊዜ ነው ሲስተር የሺሀረግ የደረሰችው። ሐይቅ ትሠራ የነበረች ነርስ ናት፣ እሷም እንደኛ ተሰዳ ከአጎታችን በታች ካለው ቤት ተጠግታ ነበር። ሃይላንዱን ከእጄ ወስዳ መሬት አስቀመጠችው። ምን ትበላለች፣ ምን ትጠጣለች፣ ምን ኪኒን ትወስዳለች ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ባስታማሚነቴ እየኮራሁ ጨው ከቀመሰች ሁለት ወር አልፏታል፣ ውሃ በቀን አራት ሃይላንድ ትጠጣለች፣ ኪኒኗንም አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም አልኳት። የሺሀረግ ኪኒኑን አገላብጣ አየችውና ይኼ እኮ ሽንት የሚያሸና ነው፣ ከሽንቱ ጋር ጨውም ይወስዳል አለች። ከዚያ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ፣ እናንተ ሰዎች ሴትዮዋን በውሃ አጠባችኋት አለችን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለወንዝ ብቻ አይደለም።

እኔ አላመንኳትም፣ ውሃ ሰው ይጎዳል ወይ ብዬ ተከራከርኳት። እያለቀስኩ ነበርና እንባሽን ቅመሺው አለችኝ። ቀመስኩት፣ ጨው ጨው ይላል። እንዳስረዳችኝ ላስረዳህ። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፣ ግን የምንጭ ውሃ አይደለም፣ ጨው ያለበት ነው። አንዱ ጨው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ነው፣ ሶዲየም ያለበት። ሌላው ፖታሲየም የሚሉት፣ ከሙዝ፣ ከድንችና ከቴምር የምናገኘው ነው። ካልሲየምና ሌሎችም አሉ። ልብ የሚመታው፣ እጅ የሚታዘዘው፣ አእምሮ ይህ ዙሁር ነው ይህ ዐሱር ነው ብሎ የሚለየው በእነዚህ ነው። በሽንትና በላብ ይወጣሉ፣ በምግብ ይተካሉ። ሁሉም በልኩ መሆን አለበት፣ ሲበዛም ሲያንስም ያምማል።

ልኩን የሚጠብቀው ኩላሊት ነው። የሺሀረግ የገበሬ ልጅ ስለሆነች በመስኖ የውሃ አባት መሰለችልኝ። የውሃ አባት ተራ እየጠበቀ ለአንዱ ማሳ ቦዩን ይከፍታል፣ ለሌላው ይዘጋል። ኩላሊትም ውሃ ሲበዛ ያስወጣል፣ ሲያንስ ይይዛል፣ ጨውንም እንዲሁ። ውሃ ሲያንስ አንጎል ጥማት አስነሥቶ ጠጣ ይለናል። እማ ግን ሳይጠማት በሃይላንድ ቆጥራ ትጠጣለች። ያረጀ ኩላሊት ያን ሁሉ ውሃ ቶሎ ማስወጣት አይችልም፣ ያችኑ ያለችውን ጨው ደግሞ ኪኒኑ ከሥር ከሥር ያወጣዋል። የቀረው ደሟ ቀጠነ። ዓሣ ላይ ጨው ብነሰንስ ውሃው ከሥጋው ወጥቶ እንደሚንጠባጠብ እኔው አውቃለሁ። ጨው ባለበት ውሃ ይከተላል። የእማ ነገር የዚያ ተቃራኒ ነው፣ ደሟ ጨው ሲያጣ ውሃው ወደ ሥጋዋ ገባ፣ ወደ አንጎሏም ገባ። ሆድ ቢያብጥ ቦታ አለው፣ ራስ ቅል ግን አይለጠጥም። ያን ጊዜ ነው ልጇን አንቺ ማነሽ ያለችው።

ሆስፒታል የሚወስድ መንገድ አልነበረም። የሺሀረግ ይህ በሆስፒታል በመርፌ፣ በደም ምርመራ፣ በጥንቃቄ የሚታከም ነው፣ በእጄ ያለው ግን አጥሚት ብቻ ነው አለች። ያን ኪኒን አስቆመች። ውሃውን ቀነሰች። ነቃ ስትል ብቻ፣ ቀና አድርገን፣ ጨው ያለበት አጥሚት በማንኪያ ቀስ እያልን ሰጠናት። ጨዉን በአንድ ጊዜ ብናንደረድረው ሌላ ጉዳት ያመጣል ስላለች መጠኑን ራሷ ነበር የምትለካው። በአራተኛው ቀን እማ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ረቢያ፣ ጠጉርሽን ምነው እንዲህ ጣልሽው አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ስድብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ችግሩ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በአምስተኛው ቀን አጥሚቱን ቀምሳ ጎድጓዳ ሳህኑን መሬት አስቀመጠችና ይህ ጨው አለው አለች። ልንደብቃት አልቻልንም። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ያበሰልኩትን ስትበላ እያሸተተች ነው። ኅዳር መጨረሻ ሐይቅ ተመለስን፣ ቤቱ አለ፣ በሩና ድስቱ ባይኖርም። ባለፈው ሳምንት ደሴ አንድ ላብራቶሪ ሥራ ጀምሯል ሲሉን ይዘናት ሄድን። ከ135 እስከ 145 መሆን የሚገባው ሶዲየም 128 ነው የሆነው። ሐኪሙ የግፊቱን ኪኒን ለወጠላት፣ እንደ ሰው ልክ ያለው ጨው ብዪ፣ ውሃም ሲጠማሽ ጠጪ አላት። በትሕትና አመሰገነችው። ቤት ስንገባ ሃይላንዷን አንሥታ ወደ ማሰሮው ሄደች።

ሸህ ሙዘይንን ጠራናቸው። ነፍስን መጠበቅ ዋጂብ ነው፣ ልጅሽ ቢያውቅ አይልሽም ነበር አሏት። ሸሁ አዋቂ ናቸው፣ ግን ያዘዘኝ ልጄ ነው አለች። ጁማ ደግሞ በራሱ ብልሃት፣ ደሴ ሄጄ ኡበይድን ደውዬ አገኘሁት፣ ጨው ትብላ ብሏል አላት። ምን ብሎ ጠራኝ አለችው። እማ አለ ሲላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንተ እሜቴ እያልክ እንደምትጠራት ጁማ ከየት ይወቀው፣ ከዚያ ወዲህ እሱንም አታምነውም። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል። በእማ ዘንድ እኛ ሁላችን ድንጋይ ሆነን ቀረን።

በመጨረሻ ከሁለታችን በቀር ሰው በሌለበት ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ጠየቅኳት። ስልኳ ባትሪው እስኪሞት ድረስ በየቀኑ ድምፅህን ትሰማ ነበር። በኋላም ሶላር ያለው ሰው ዘንድ ወስደን ስናስነሣው የላክኸው ድምፅ ከውስጡ ጠፍቷል። አማና ነው፣ አደራ ነው የተወልኝ አለችኝ። «ድምፁን አጣሁ፣ ቃሉንም ልጣ? እዚህ ቃሉን ብጥስ እዚያ አንድ ነገር ቢያገኘው ወላሂ ለራሴ ምን እላለሁ» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ከአንተ የቀራት ያቺ ትእዛዝ ብቻ ነበረች። እናትህ ጨዉን አልጠላችውም፣ አንተን እየጠበቀች ነው።

አልወቅስህም። ብወቅስህ ራሴን ማስቀደም አለብኝ፣ ሃይላንዱን የሞላሁት እኔ ነኝና። ግን ከትናንት ጀምሮ ራሴን አመመኝ እያለች ነው፣ ዛሬም ምሳዋን አልጨረሰችም። የሕመሙን መንገድ አውቀዋለሁ፣ ያኔም የጀመራት እንዲህ ነበር። ስለዚህ ይህን እንዳነበብክ፣ ሥራ ላይም ብትሆን፣ ድምፅህን ቅዳና ለኑርዬ ላክለት። በሚሞሪ ይዞልኝ ይመጣል። ረጅም አታድርገው፣ እንዳታለቅስም፣ ካለቀስክ የሚሰማት ጨው ብዪ ማለትህ ሳይሆን ማልቀስህ ነው። እሜቴ ብለህ ጀምር። ደኅና ነኝ በላት። የድሮውን ቃሌን አንሥቻለሁ በላት።

ጁማ ሰላም ብሎሃል፣ ለውሸቱም አውፍ በለኝ ይልሃል። ኢቲሳም ሁለት ጥርሷ ወልቋል፣ አጎቴ ሲመጣ ሳይበቅል ይየው ትላለች። አጎታችን አብዱልሃሚድ ዱዓ አድርገውልሃል። ሲስተር የሺሀረግም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፣ በስምህ ግን ብዙ ጊዜ ስትቆጣ ሰምቻታለሁ።

እማ የምጽፈው ለአንተ መሆኑን ስታውቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ራሷ ምንም አላለችም። የሺሀረግ ስታስረዳኝ ለካ ተኝታም ትሰማ ኖሯል። ጻፊ አለችኝ፣ እንዳለችው ጻፍኩት፦ «የዚያ አገር ፀሐይ ላቡን ሲያወጣ ጨዉንም ይወስድበታል። ባቱን የሚይዘው እሱ ይሆናል። ልጄ ባዶ ውሃ ብቻ እየጠጣ እንዳይወድቅብኝ። ለበኑን፣ እርጎውን ይጠጣ፣ ቴምርም ይብላ፣ ጨውም ይቅመስ። እናትህ ብላሃለች በይልኝ።»

ይህንኑ ቃሏን መልሰህ ላክላት። ኑርዬ ሐሙስ ይመለሳል። ጨዉን ከአጠገቧ አስቀምጬ እጠብቃለሁ።

እህትህ ረቢያ
ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.