የሶስና ሁለተኛ መልስ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ባለፈው ሳምንት ከቀበሌ ስብሰባ ደክሞኝ ስገባ፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ሶስና በር ላይ ጠበቀችኝ። «አባዬ፣ የዶሮዎቹን ቤት መዝጋት ረስቼ፣ አንዷን ሸለምጥማጥ በላት» አለችኝ። ዶሮዎቹን «ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» ብዬ የሰጠኋት እኔው ነበርሁ። በቀበቶ ገረፍኋት። እናቷ «ራሷ መጥታ ነገረችህ እኮ» ብትለኝም አልሰማሁም።

ዛሬ ከፋብሪካ ስመለስ የፋኖሱ ብርጭቆ ተሰብሯል። ማን እንደሰበረው ሶስናን ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

«የሐይቁ ነፋስ ነው» አለች።

መስኮቱ ተዘግቶ ነው የዋለው። ጣቷም ደምቷል። ያን ቀን እውነቱን ስትነግረኝ ምናለ እጄን በሰበሰብሁ ኖሮ። ጣቷን አጥቤ በጨርቅ እያሰርሁ «አልመታሽም» አልኋት።

«ነፋሱ ነው» አለች።