ወንድሜን በሽምግልና ላሳሰሩልኝ ሊቀመንበር

ኮሎምበስ፣ ጥቅምት 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ማዘንጊያ፣ የማኅበራችን ሊቀመንበርና የሽማግሌዎቻችን አለቃ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ ከሁሉም በላይ ያ ምላስዎ ደህና ናቸው? እኔ በእርስዎ ደግነት ደህና ነኝ። ወንድሜ ፍሥሐም እስር ቤት ደህና ነው፤ እዚያ እንኳ ሽማግሌ አይገባበትም። ውለታዎ ተደብቆ እንዳይቀር በአደባባይ ላመሰግንዎት ወደድኩ።

1ኛ/ የእትዬ ዘርፌ የሬይኖልድስበርግ ቤት ተሰብሮ ወርቃቸው ሲጠፋ፣ በዚያው ሳምንት ቧንቧ ሊጠግንላቸው ገብቶ የነበረው ፍሥሐ ተጠርጥሮ ተያዘ። በዋስ ሲወጣ መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ስለ ጉዳዩ ለማንም ቃል እንዳይተነፍስ አስጠነቀቀው። እርስዎ ግን ይህ ምክር ለፈረንጅ እንጂ ለአበሻ እንደማይሆን፣ በሽማግሌ ፊት ዝም ማለትም ንቀት መሆኑን አስረዱት። ሕግ ሳይማሩ ጠበቃ መሻርዎ ያስደንቃል።

2ኛ/ አልሰረቅኩም ብሎ ሲምልልዎ፣ «አውቃለሁ ልጄ፤ ግን ዘርፌ እንድትበርድ ጉልበቷን ሳምና አጥፍቻለሁ በላት፤ ለሰላም ሲባል ነው» አሉት። ታላቁን እምቢ ማለት ያልለመደው ወንድሜ እግራቸው ላይ ወድቆ ያላደረገውን አጥፍቻለሁ አለ። እትዬ ዘርፌ አለቀሱ፣ እርስዎ መረቁ፣ ምሳም ተበላ።

3ኛ/ መርማሪው ሲደውልልዎ፣ ነገሩን በእርቅ መጨረስዎን ለማብሰር ቸኩለው፣ በዚያ በሚኮሩበት እንግሊዝኛዎ ጥፋቱን አምኗል አሉት። በዚህ አገር ሕግ ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው፤ ማስረጃ አጥቶ የሚንከራተተው ዐቃቤ ሕግ ነበር። እርስዎ ማስረጃውን ከነምርቃቱ ቢሮው ድረስ ወሰዱለት። ችሎት ቀርበው ሲመሰክሩ ከረባትዎ እንዴት ያምር ነበር! «አውቃለሁ ልጄ» የምትለዋን ቃል ብቻ ረሷት። ፍርድ ቤቱ ስለ ቅንነትዎ አመስግኖ እርስዎን ሸኘ፤ ወንድሜን አምስት ዓመት አስቀረው።

4ኛ/ እዚህ ላይ ጨዋታው አቃተኝ። ጠልቼዎታለሁ፤ ይኸው ነው።

ፍሥሐ ከእስር ቤቱ በር ሲወጣ በዓይንዎ እንዲያዩት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣

ሰርካዲስ ጀማነህ

ማስታወሻ፦ ልጅዎ ተፈሪ ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ የሙሽራውን ወንድም ጥርስ አርግፎ መታሰሩን ሰምተን አዘንን። በዋስ ወጣ ሲሉን ሽማግሌ ይዘን ለይቅርታ ልንወስደው ብንመጣ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ጠበቃው ለማንም እንዳይናገር ከልክሎታል ብለው መለሱን። ደግ አደረጉ ጋሼ፤ መብቱ ነው።