የአዝራር ቆርቆሮው

ልጄ፣ የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኛ ደኅና ነን፣ ከአባትሽ ድድና ከአባትሽ ግትርነት በቀር።

ለምርምርሽ የላክንልሽን ምራቅ መርምረሽ የጻፍሽውን አነበብኩለት። "የአባዬ አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክ የሚቋቋሙበት ጂን አላቸው" የሚለው ጋ ስደርስ ሰውዬው ደስ አይለው መሰለሽ! "ዘራችን ጠንካራ ነው አላልኩሽም?" አለኝ። እንግዲህ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይወራል?

ስፌት ቤቱ ያለውን የአዝራር ቆርቆሮ ታውቂዋለሽ። ሕመሙ ጋብ ሲልለት የተረፈውን ክኒን እዚያ ይከታል። ጉንጩ ያበጠ ደንበኛ ከመጣ ደግሞ ሱሪውን ለክቶ ሁለት ፍሬ ያስጨብጠዋል። "ኧረ ተው፣ የታዘዘልህን ጨርስ" ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ! ባክቴሪያዎቹም ጂናቸውን ለጎረቤት ያቀብላሉ ብለሻል። ምን ይገርማል፣ የማን አፍ ውስጥ አደጉና!

ይኸው ድዱ አብጦ የድሮው መድኃኒት እምቢ አለው። ሐኪሟ ሌላ አዘዘችለት፤ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ቆሜ አስውጠዋለሁ።

ትናንት ክኒኖቹን ለቅሜ ለመድኃኒት ቤት ላስረክብ ቆርቆሮውን ገለበጥኩት። ከአዝራሮቹ ሥር ለሁለት የተከፈለ ክኒን ወጣ። ያን ጊዜ ንዴቴ ላይ ውኃ ተቸለሰበት። ልጅ ሳለሽ ጥርስሽን ባመመሽ ቁጥር፣ ከዚያ ቆርቆሮ እያነሳሁ ግማሽ ግማሹን ያስዋጥኩሽ እኔ ነኝ። አባትሽ አያውቅም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ የኔ እናት። እስቲ የራስሽንም ምራቅ መርምሪልኝ። ውጤቱን ግን ለእኔ ብቻ ጻፊው።

እናትሽ