ያላደረስኩት መልእክት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሲዘንብ ዋለ። ኦዊኖ፣ ሰልባጅ ገበያው፣ ሄጄ ሰባት ሱሪ አመጣሁ፣ ሁሉም የግዙፍ ሰው ልክ። ማሳጠር፣ ማጥበብ ነው እንግዲህ። ቡኮቶ፣ ቤቴ፣ ስደርስ መብራት የለም። የስፌት መኪናውን ትቼ በእጅ መርፌ ስሰፋ አመሸሁ።

አብራኝ የምትኖረው ሔሊና ከምትሠራበት ጸጉር ቤት ቀደም ብላ መጣች። ሮሌክስ ገዝታልኛለች፣ በቂጣ የተጠቀለለው እንቁላል ገና ትኩስ ነው። እየበላን፣ "የእማዬ ሦስተኛ ዓመት ደረሰ እኮ። ኅዳር ላይ ፍትሐት ላስደርግላት ነው" አለች። "ደግ አሰብሽ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እሷ ዕቃ ስታጥብ ሰማሁት። ያው ድምፅ። "የለችም?" የሚለው። ከግድግዳ በኩል አይደለም፣ ከውጭም አይደለም... ልክ ስልክ እንደያዝኩ፣ በግራ ጆሮዬ።

ሦስት ዓመት ሙሉ አልደከመውም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዛሬ ደግሞ ታክሲ ውስጥ። ሰው ሁሉ በሉጋንዳ ያወራል። መሃሉ ላይ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ... ዞር አልኩ። ማንን ልፈልግ?

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ቅዳሴ። ቁርባን ሲደርስ ሔሊና እንደ ሁልጊዜው ወደ በሩ ሸሸች። ከዚያ አማን ሸኘን። ኪኩቦ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ በጅምላ ይሸጣል፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሔሊናን ላግባሽ ካላት ዓመት አለፈው። ዛሬም ጠይቋት መሰለኝ፣ ፊቱ ጠቁሮ ተሰናበተን።

ቤት ስንገባ "ለምን ታስጠብቂዋለሽ?" አልኳት።

"እናቴ 'ከእንግዲህ ልጅ የለኝም' ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ሳልሰናበታት በመሰደዴ። እንደተቀየመችኝ ሞተች ውድዬ። እንዲህ ሆኜ ቁርባንስ፣ ትዳርስ... ማን መርቆኝ?"

ይህን ስትል ድንች ትልጥ ነበር። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እንዳልተቀየሟት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በዓለም ላይ እኔ ብቻ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

እስቲ ልጻፈው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለወረቀት እንኳ።

ቅዳሜ ነበር፣ ኅዳር 3፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። የሔሊና ስልክ ተሰርቆ ስለነበር ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሟ፣ ለሰይፈ፣ የእኔን ቁጥር ሰጥታዋለች። ተደወለ። ሰይፈ መስሎኝ አነሳሁ። እናቷ ናቸው፣ እትዬ ወሰንየለሽ። ስድስት ወር ሙሉ አላናግራትም ያሉት ሴትዮ... "ሔሊናን አቅርቢልኝ" አሉ።

ሔሊና ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። በመስኮቱ ትታየኛለች። አሥር እርምጃ አይሆንም።

"የለችም" አልኩ።

"የለችም?"

"ወጥታለች እትዬ።"

አመኑኝ። "እሺ ልጄ፣ እንግዲያው ንገሪልኝ" ብለው መልእክታቸውን ነገሩኝ። መርቀውኝ ዘጉ።

ለምን? ያን ሰሞን ሔሊና "እናቴ አንዴ ነይ ብትለኝ በማግስቱ እሄዳለሁ" ትል ነበር። ነይ ሊሏት ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ከመምጣቷ በፊት እዚህ ከተማ ሁለት ዓመት ብቻዬን ኖሬአለሁ። በስሜ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። ሰኞ እነግራታለሁ፣ ትንሽ ቀን ላቆያት ብቻ... ብዬ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሰይፈ ደወለ። አረፉ። መታመማቸውን እንኳ አላወቅንም።

ከዚያ በኋላ መቼ ይነገራል? በለቅሶው? በአርባው? ቀኑ በገፋ ቁጥር አፌ እየተሳሰረ ሄደ። እሷም ስታለቅስ እኔ ትከሻ ላይ ነበር የምታለቅሰው።

መልእክቱን ግን እዚህ ልጽፈው አልቻልኩም። እጄ እምቢ አለ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ለቀሲስ ማኑሄ ተናዘዝኩ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ስግደት ይስጡኝ አባቴ። መቶም ሁለት መቶም፣ የፈለጉትን።"

"ስግደቱማ ይቀልሽ ነበር" አሉ። "እግዚአብሔር ይፍታሽ። እሱ መሐሪ ነው። መልእክቱ ግን የሔሊና ነው ልጄ። ሦስት ዓመት የሰው ነገር ይዘሽ ተቀምጠሻል። ሂጂና ስጫት።"

"ብትጠላኝስ?"

"ትጠላሽ ይሆናል። ይቅር እንድትልሽ ብለሽ ከሆነ አትንገሪያት። የእሷ ስለሆነ ንገሪያት።"

ተፈትቻለሁ ማለት ነው? ታዲያ ለምን አልቀለለኝም?

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

አልቻልኩም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ዛሬም። ሔሊና ማቶኬ፣ የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ፣ ሠርታ ጠበቀችኝ። "ከስተሻል፣ ብዪ እንጂ" ትለኛለች። እንዴት አድርጌ?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ጠዋት ጫማዋን ስታስር። "ሔሊና፣ እናትሽ ከማረፋቸው በፊት ባለው ቀን ደውለው ነበር። እኔ ነኝ ያነሳሁት። የለችም አልኳቸው" አልኩ። በአንድ ትንፋሽ። ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም።

መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ጫማዋን አስራ ጨረሰች።

"እኔ የት ነበርኩ?"

"ግቢ ውስጥ።"

"ትታይሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ምን እያደረግኩ?"

"ልብስ ታሰጪ ነበር።"

"ምን አልኳት አልሽኝ?"

"የለችም።"

"መልእክት ነግረውኛል" ብዬ ስጀምር እጇን አነሳች። "ዝም በዪ። የእናቴን ቃል ካንቺ አፍ አልሰማም።"

አልጮኸችም። ብትመታኝ እኮ... ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከተተች። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ጋ እንደምትሄድ ለቦዳው፣ ለባለ ሞተር ብስክሌቱ፣ ስትነግረው ሰማሁ። ዞር ብላ አላየችኝም።

መልእክቱ አሁንም እኔ ጋ ነው።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

አማን መጣ፣ ብርድ ልብሷን ሊወስድላት። በር ላይ ቆሞ "ምን እንዳደረግሽ አልነገረችኝም። እኔም አልጠይቅሽም" አለ። ውኃ እንኳ አልቀመሰም። ሄዶ ሲያበቃ ተመለሰና "እንቅልፍ የላትም" አለኝ። ለምን ነገረኝ? ሊቀጣኝ? ወይስ እንድጸልይላት?

ጸለይኩ። ስሟን ጠርቼ ቀጥሎ ምን እንደምል ጠፋኝ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። በእኔ ምክንያት ከቁርባን ቀረች፣ አሁን ደግሞ ከቅዳሴም። ቀሲስ ማኑሄ በሩቁ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ያጽናሽ ነው? ወይስ ያመጣሽውን አይተሻል ነው?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ዛሬ ነው ቀኑ። ከሰዓት በኋላ መስኮቱን በጨርቅ ጋረድኩት። ምን ዋጋ አለው... ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። "የለችም?" ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ መለስኩለት። "ነበረች እትዬ። ነበረች።" ብቻዬን ክፍል ውስጥ።

አብጄ ይሆን?

ኅዳር 7፣ እሑድ

ፍትሐቱ ዛሬ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ። አልሂድ ብዬ ነበር፣ ሄድኩ። ከሁሉም ኋላ ቆምኩ። "ወሰንየለሽ" ብለው ካህኑ ስማቸውን ሲጠሩ መሬት ተቀመጥኩ።

ሰው ሲበተን ሔሊና ወደ እኔ መጣች። ከስታለች። ግቢው ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ በመካከላችን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትታ።

"ንገሪኝ። እንዳለችው። አንድ ቃል ሳታጎድዪ።"

ነገርኳት። በእሳቸው አነጋገር፣ ቀስ ብዬ። "አልተቀየምኳትም በያት። ያን ቀን የተናገርኩት ንዴት ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ክፍሏን ለተከራይ አልሰጠሁትም። ነጠላ ጫማዋን ግን እኔ አድርጌው ጨርሼዋለሁ፣ አትጠብቀው። እዚያም ትሁን እዚህም ትሁን፣ ወልዳ ከብዳ ትኑር በያት።"

"ነይ አላለችኝም?"

"አላሉም።"

ነይ እንኳ አላሏትም። ለዚህ ነበር የፈራሁት... ለሌለ ነገር።

"ጫማዬን ጨረሰችው?" አለች። ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ማልቀስ ሆነ። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፣ መልሼ ሰበሰብኩት። "ድምፅዋ እንዴት ነበር? ያማት ነበር?" "ትንሽ ይደክማቸው ነበር። ግን ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።" "ድገሚልኝ።" ደገምኩላት። ሦስት ጊዜ።

ስትነሳ እንዲህ አለችኝ። "ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ይሆናል። ዛሬ ፊትሽን ማየት ራሱ ከብዶኛል። ግን እጸልያለሁ፣ እንድችል።"

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ሆነ። ድምፁ ጸጥ ብሏል። ጆሮዬን ጥዬ ሳዳምጥ ራሴን አገኘሁት። ዝናቡ ብቻ ነው። መሄዱ ነው? ለመጠየቅ እንኳ እፈራለሁ። እንዳይሰማኝ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ሔሊና ቆረበች። ነጠላዋን ተከናንባ አፏን በእጇ ሸፍና በአጠገቤ አለፈች። አላየችኝም። ወይም አይታኛለች።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሱሪ እየተኮስኩ ስልክ ጮኸ። ሔሊና ናት። ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣

"የአማን ሽማግሌዎች ቅዳሜ ይመጣሉ። ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው።"

"እንኳን ደስ አለሽ። ወዴት ነው የሚመጡት?"

"ወዳንቺ ቤት ነዋ። ወዴት እልካቸዋለሁ? ሰይፈ ሩቅ ነው። ካንቺ ሌላ ቤተሰብ የለኝም እዚህ።"

ካውያውን ሱሪው ላይ ትቼ ተቀመጥኩ።

"ሰማሽኝ? አላለቀልኝም፣ ገና ነኝ። አንዳንድ ቀን ስምሽን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አብሬሽም አልኖርም። ግን 'ልጃችሁን ለልጃችን' ሲባል መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልገኛል። ትሰጪያለሽ?"

"እሰጣለሁ።"

"የእማዬን ምርቃት እዚያ ትነግሪያቸዋለሽ። በሰው ፊት።"

"እነግራለሁ።"

"እሺ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ይበቃል። እኔ አርብ መጥቼ አግዝሻለሁ።"

ዘጋችው። ሱሪው ላይ የካውያው ቅርጽ ወጥቷል። ለባለቤቱ ሌላ እፈልግለታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፣ አማን አራት፣ ቀሲስ ማኑሄ አምስት። እሷና እኔ። ያለኝ ሁለት ወንበር ነው። ነገ ከጎረቤት አምስት እለምናለሁ።