የውሃውን ድምፅ ሲጠብቁ የኖሩት ሲስተር ዘውድነሽ ነጋ

ሲስተር ዘውድነሽ ነጋ ከአባታቸው ከአቶ ነጋ እንየው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እቴናት ሀብቱ በ1963 ዓ.ም. በአዊ፣ ግምጃ ቤት በተባለው አካባቢ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ቆሰበር ተምረው በባሕር ዳር በነርስነት ተመረቁ።

በ1986 ዓ.ም. ከመምህር ደረሰ ጋር ትዳር መሠረቱ። በሁለተኛው ዓመት በሰባት ወር እርግዝናቸው ወንድ ልጅ ተገላገሉ። ሕፃኑ መተንፈስ አቃተው። በዚያን ጊዜ የሚያግዘው መሣሪያ በአካባቢው ስላልነበረ እናቱ ሳያቅፉት ጎህ ሲቀድ ዐረፈ። ክርስትና አልተነሣምና ድንኳን አልተተከለለትም፤ ለቅሶ የደረሰም የለም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያላቸውም አልነበረም። ትዳሩ ብዙ አልቆየም፤ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ኖሩ።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በሆስፒታል ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ሲንከባከቡ ቆዩ። እዚያ ሕፃኑን የሚያስተነፍሰው ቱቦ አንደኛው ጫፉ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ ውሃው ከተንተከተከ አየሩ በደንብ እየደረሰው ነው። ሲስተር ጆሯቸው ሁልጊዜ እዚያ ነበር። ሐኪምም ቢሆን ጨዋታ ካበዛ «እስቲ ዝም በሉ፣ ውሃው ይሰማኝ!» ይሉ ነበር፤ ቁጣቸውን የማያውቅ የለም። ከአዘና የመጡ የአንድ ሕፃን አያት ውሃው ሕፃኑን የሚያሰጥመው መስሏቸው ቱቦውን ቢነቅሉት፣ ሲስተር መልሰው ገጥመው፣ በአዊኛ እያስረዱ የአያትየዋን እጅ በሕፃኑ ደረት ላይ አኖሩት።

መትረፉ ያልታወቀ ሕፃን ሲወለድ ዘመድ ደስታውን ያቆያል። ሲስተር ግን ሁሉን ቀድመው እያንዳንዷን አራስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏት ነበር። የዳኑት ልጆች ክርስትና ሲነሡ ሲስተርን የሚጠራ አልነበረም፤ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ያንን ጭንቅ ማስታወስ አይወድም። ቤታቸው ጭር ሲል እንቅልፍ እምቢ ስለሚላቸው ሬዲዮ ከፍተው ይተኙ ነበር። ብቸኝነቱ ከብዷቸው እንደነበር እኛ ዘመዶቻቸው እናውቃለን።

በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እህታቸው ምሥራቅ እና ወንድማቸው ይኸነው በሕይወት አሉ። ይህ ታሪክ ሲዘጋጅ «ልጅ አልወለዱም ተብሎ ይጻፍ» ያሉ ነበሩ። ጸሐፊው ይኸነው ግን አይሆንም ብሏል። ሲስተር ዘውድነሽ የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነበሩ።

ቸሩ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ያላቀፉትን ልጃቸውንም ያሳቅፋቸው።