አረፋ የሌለው ትንፋሽ

ለውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ፤ የኮሎምቦ ዝናብ ያንን ጆሮህን እንዳይቀሰቅስብህ እሰጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጎረቤታችን ዶን ማኒኬ ግን ስኳራቸው ብሶባቸው፣ የእግራቸው ቁስል አልሽር ብሎ ሁለት ሳምንት ማሌ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው መጡ። ሐኪሙ ጣፋጭ ይተዉ ቢላቸው፣ «ሰባ ዓመት አብሮኝ የኖረውን ትቼ ትናንት የተወለደ ልጅ ልስማ?» ብለውት አረፉት። ልጃቸው ራዚያም ሦስተኛ ሴት ልጇን በሰላም ተገላግላለች። እሳቸው ባዩኝ ቁጥር «ያ ጠላቂ ወንድምሽ ደሴታችንን ምን ብሎ ጠላት?» ይሉኛል። ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ሥራ በዝቶበት ነው ስል።

የምጽፍልህ በስልክ የማይወራ ነገር ስለገጠመኝ ነው። ልጄ ሺፋዝ እንግዶችን ባሕር ውስጥ እየመራ እንደሚተዳደር ታውቃለህ። አሁን አዲስ የመጥለቂያ መሣሪያ አመጣ። የተነፈስከውን አየር አጥቦ መልሶ ላንተው ይሰጥሃል። ድሮ የሀብታም ዕቃ ነበር አሉ፤ ይሄኛው ረክሶ ስለወጣ ሁለት ገዛ። አረፋ የሚባል የለውም። «እማ፣ ሻርኩ እንኳ አይደነግጥም፤ አጠገቤ መጥቶ ነው የሚያየኝ» አለኝ። ሻርኩስ ያይሃል፣ እኔ በምን ልይህ? አልኩት። «አንቺማ ከአባዬ ጊዜ ጀምሮ የአረፋ ዘበኛ ነሽ፤ አሁን ጡረታ ውጪ» ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ማክሰኞ መሣሪያውን ከሚያሠለጥነው አስተማሪ ጋር ሆኖ፣ አባቱ ወርዶ ሳይመለስ የቀረበት ቋጥኝ ላይ ጠለቀ። ሁለቱም አዲሱን መሣሪያ ነው የለበሱት። እኔም ጀልባው ላይ ነበርኩ። ከወረዱ በኋላ ባሕሩ ልክ እንደ ጠረጴዛ ዝም አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ በምሥራቅ በኩል አረፋ ወጣ። ቀጭን፣ አንድ መስመር። ሌላ ጀልባ የለ፣ ሌላ ጠላቂ የለ።

ሲወጣ ነገርኩት። «እማ፣ የድንጋዩ ሆድ ነው። የድሮ ጠላቂዎች የተነፈሱት ከዋሻው ጣሪያ ሥር ይታቆርና ቀስ እያለ ያመልጣል» አለኝ። ስንት ጊዜ ይቆያል? ብዬ ስጠይቀው፣ «እኔ እንጃ፤ ሰው ካልነካው ብዙ» አለ። ከዚያ ወዲህ የዓሣ መረቄ ሳይቀመስ ይቀዘቅዛል።

አባቱ የቀረ ዕለትም የእሱ አረፋ በምሥራቅ በኩል ነበር የሚወጣው። የደሴቱ ጽሕፈት ቤት ሲጠይቀኝ፣ ማዕበል እስኪቀላቅላቸው ድረስ የሁለታችሁ አረፋ ጎን ለጎን ነበር ብዬ ፈርሜያለሁ። አንተም አጠገቤ ቆመህ ሰምተሃል። ማዕበል አልነበረም፣ ወንድሜ። ባሕሩ እንደ ማክሰኞው ዝም ያለ ነበር፤ አረፋችሁ ሲለያይ አይቻለሁ።

አሁን አስተማሪው ወደ አገሩ ሄዷል፤ ለብቻ መውረድ ደግሞ አይፈቀድም። ሁለተኛው መሣሪያ ላንተ የተገዛ ነው። ሺፋዝ «ከአጎቴ በቀር ያንን ዋሻ የሚያውቅ የለም። መሣሪያው ሦስት ሰዓት ከሥር ያስቆየናል፤ ይምጣና አባዬን አብረን እንፈልገው» ይላል።

ይህን ስጽፍ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «ለአጎቴ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እማ፣ የዚያን ቀን የአባዬና የአጎቴ አረፋ አብሮ ነበር አይደል?» አለኝ።

አብሮ ነበር አልኩት።

«እንግዲያው አጎቴ ከእኔም ጋር አብሮ ይወርዳል» ብሎ ወደ ጀልባው ሄደ።

ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። ከመጣህ እኔ እዚያው ቦታዬ ላይ ነኝ። በዚህ ጊዜ ግን አረፋ ስለሌለ ከላይ ሆኜ የማውቀው ነገር አይኖርም። የሚያውቀው አንተና አላህ ብቻ ናችሁ።

ጆሮህን ከብርድ ጠብቅ። የወረደውን ሁሉ አላህ በሰላም ያውጣ፤ የቀረውንም በምሕረቱ ያሳርፍ።

ዛሬም የምትወድህ እህትህ